ብረቱ ከመገዛቱ በፊት

ግሪንሃውስ (ተክል የሚበቅልበት የላስቲክ ቤት) እንድንሠራላቸው የሚደውሉልን ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋ ነው። ቀጥሎ «መቼ ትጨርሳላችሁ?» ይላሉ። ምን እንደሚያበቅሉበት ብዙዎቹ ገና አልወሰኑም። ቦታውንም የመረጡት ባዶ ስለሆነ ብቻ ነው። ሱሉልታ ያጋጠመን ሥራ ይህ ችኮላ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በደንብ አሳይቶኛል።

ደንበኛችን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ግሪንሃውሱን ሌሎች ሠርተውላቸዋል። 4 በ6 ሜትር ነው፤ ቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት) ጥሩ፣ ብየዳውም ንጹሕ። ቲማቲሙ ግን ያብብና አበባው ይረግፋል። «ጥላ የሚሆን መረብ ስቀሉልኝ» ብለው ጠሩን።

ወሩ ኅዳር ነበር። ውጭ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። አለቃዬ እኩለ ቀን ላይ ቴርሞሜትር ይዞ ገባ፤ 41 ዲግሪ! ሆለታ አካባቢ አበባ እርሻ ላይ ለዓመታት የሠራ ሰው ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገባው። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም የአበባ ብናኝ ይጎዳል፤ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይወድቃል።

«እማማ፣ መረቡን ብንሰቅለው ጥላ ይሆናል እንጂ አየር አይሆንም» አላቸው።

«በሩን ከፍቼ ነው እኮ የምውለው ልጄ!»

«በሩ ታች ነው፤ ሙቀቱ ያለው ላይ ነው።»

እውነቱን ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ጣሪያው ጫፍ ላይ መውጫ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ መግቢያ ከሌለው ቤቱ ምድጃ ይሆናል። ክፍተቱ ቢያንስ ከወለሉ ስፋት ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሁን ይባላል። ለ24 ካሬ ሜትር ከ3.6 እስከ 4.8 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። የነፍሳት መረብ ከተደረገበት ደግሞ መረቡ የአየሩን ፍሰት ስለሚገታ የበለጠ ማስፋት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ላስቲኩ ከተወጠረ በኋላ ማሰብ በጣም ይከብዳል።

የዚያን ቀን ምንም አልቆረጥንም። አለቃዬ ችካልና ሲባጎ ሰጣቸው። ጠዋት 2 ሰዓት፣ 6 ሰዓት እና 10 ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደሚደርስ ምልክት እንዲያደርጉ፣ የሌሊቱንም ቅዝቃዜ ውስጥና ውጭ እንዲለኩ ነገራቸው። ነርስ አይደሉ? የበሽተኛ ሙቀት እንደሚመዘግቡ አድርገው በደብተር ይዘው ጠበቁን።

ከደብተሩ ብዙ ነገር ወጣ። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ከምሥራቅ በኩል የጠዋቱን ፀሐይ ይከለክላል፤ ከብርድ ሌሊት በኋላ ተክሉ በጣም የሚፈልገው ደግሞ ያንን ነው። በደቡብ ያለው ባለ 2 ሜትር አጥር እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል፤ የመጀመሪያው መደብ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሌሊት ደግሞ ውስጡና ውጭው እምብዛም አይለያዩም። አንድ ንጣፍ ላስቲክ በጠራ ሰማይ ሙቀት አያቆይም። ብዙ ሰው ግን ላስቲክ ካለ ውርጭ አይነካኝም ብሎ ነው የሚገነባው።

በአውሮፓ ቪዲዮዎች «ወደ ደቡብ አዙሩት» የሚባለውንም እኛ አገር እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ሰኔ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ከአቅጣጫው ይልቅ የአጥሩንና የዛፉን ጥላ በየወቅቱ ማየት ይበልጣል።

ቤቱን ከአጥሩም ከዛፉም አራቅነው። የተበየደ ብረት መፍታት መቁረጥ ነው፤ ስንቆርጠው አጠረ፣ ሌላ ቱቦላሬ ተገዛ። እማማ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ እኔም ከልቤ አዘንኩ። ያ ገንዘብ ከጡረታ የተቆጠበ ነው። የጎኑን ከፍታ 2 ሜትር ተኩል አደረግነው፤ ጣሪያው ጫፍ ላይ ሙሉውን ርዝመት የሚከፈት መውጫ አወጣንለት። በሩን የበጋው ነፋስ ከሚመጣበት ከምሥራቅ አዞርነው፤ እግሮቹን ሁሉ በኮንክሪት አሰርን።

አሸንዳም ገጠምንለት። 24 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ 480 ሊትር ውሃ ነው፤ ሁለት በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። በርሜሎቹን ጥቁር ቀብተን ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያሉ ይለቃሉ።

ቲማቲሙ አሁን ፍሬ ይዟል። ቃሪያውን ግን እማማ ለጊዜው አቆይተውታል። የታኅሣሥ ሌሊት ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ መጀመሪያ መዝግበው ማየት ይፈልጋሉ።