በብርዱ ወራት ወደ ግሪክ ፍርስራሾች፦ ለሁለት ሰው የሚሆን የመኪና መንገድ

ከኖቬምበር እስከ ማርች ድረስ በደቡብ ግሪክ ያለውን የፔሎፖኔዝ ልሳነ ምድር ጥንታዊ ቦታዎች ለሚዞሩ ባልና ሚስት ጉዞውን የሚወስነው የመዝጊያ ሰዓት ነው። በበጋ እስከ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ የሚቆዩት ቦታዎች በብርዱ ወራት ብዙዎቹ ከቀኑ 9፡30 (በፈረንጅ 15፡30) ይዘጋሉ። ስለዚህ ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቡ፤ ከሰዓት በኋላውን ለመንገድ ተዉት። በቀን አንድ ትልቅ ቦታ ይበቃል። ሚኬኔና ኤፒዳቭሮስ ግን በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይራራቁ አብረው ይታያሉ።

ከአቴንስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ የቆሮንቶስን ቦይ ታገኛላችሁ። ለፎቶ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ማደሪያችሁን ናፍፕሊዮ አድርጉ። አሮጌው ከተማ ውስጥ መኪና ማስገባት ራስን ማሰቃየት ነው፤ ወደቡ ዳር ባለው ሰፊ ማቆሚያ አቁማችሁ በእግር ግቡ።

ሚኬኔ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ነፋሱ ይበረታል፤ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ያዙ። ብዙ ሰው የአንበሶቹን በር አይቶ ይመለስና የአትሬዎስን መቃብር ይዘነጋዋል። መቃብሩ ከዋናው መግቢያ ወረድ ብሎ በመንገዱ ዳር፣ የራሱ ማቆሚያ ያለው ነው። ቲኬቱ አንድ ስለሆነ አትጣሉት። ከመቃብሩ በር በላይ የተጋደመው ድንጋይ 120 ቶን እንደሚመዝን ይገመታል፤ ለእኛ ከአንበሶቹ ይበልጥ የሚደንቀው እሱ ነው።

ኤፒዳቭሮስ ጥንድ ሆኖ ለሚሄድ የተሠራ ይመስላል። ቲያትሩ 55 ረድፍ አለው፣ ታች 34፣ ላይ 21። አንዳችሁ መሀል ላይ ያለችው ክብ ድንጋይ ላይ ቁሙ፣ ሌላችሁ እስከ መጨረሻው ረድፍ ውጡ፣ ከዚያ ጮክ ብላችሁ ተነጋገሩ። በበጋ ጫጫታው ይህን አያስችልም። ሹክሹክታ ሳይቀር ላይ ድረስ ይሰማል የሚባለው ግን የተጋነነ ነው፤ በ2017 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ለክተው ሹክሹክታው ከፊተኞቹ ረድፎች ብዙም እንደማያልፍ፣ ጮክ ያለ ንግግር ግን እስከ ላይ እንደሚደርስ አሳይተዋል።

ዝናብ ከዘነበ ዋናው አደጋ ድንጋዩ ነው። ለዘመናት የተረገጠ እብነበረድ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ጫማ አድርጉ። ኦሎምፒያ ደግሞ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ሜዳ ላይ ስለሆነ ጭቃ ይበዛዋል። ለመለወጫ ካልሲ መኪና ውስጥ ይኑር። በስታዲየሙ ግን 192 ሜትሩን ያለ ግፊያ መሮጥ ትችላላችሁ።

ስልካችሁ ከስፓርታ ወደ ካላማታ በላንጋዳ ተራራ በኩል ቢመራችሁ አትስሙት። በኪሎ ሜትር አጭር ነው፤ ነገር ግን በብርድ በረዶና የሚንከባለል ድንጋይ አለበት። በትሪፖሊ በኩል በአውራ ጎዳናው ዙሩ። ለክፍያ ኬላዎች ሳንቲም አዘጋጁ። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የምትነዱ ከሆነ ዓለም አቀፉንም ይዛችሁ ሂዱ። አውቶማቲክ መኪና ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ያዙ፤ አብዛኛው ኪራይ ማኑዋል ነው።

የቀን አቆጣጠር ላይ ሐበሻ ይሳሳታል። ግሪኮች ፋሲካን የሚያከብሩት ከእኛ ጋር ነው፣ በዕለቱም ቦታዎቹ ዝግ ናቸው። ገናቸው ግን ዲሴምበር 25 ነው፤ 25 እና 26 ይዘጋሉ። ጃንዋሪ 1 እና ማርች 25ም እንዲሁ። ከኖቬምበር እስከ ማርች የየወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያ ነጻ ነው። በዐቢይ ጾም የጾም ምግብ በየመሸታው ይገኛል፣ ሆኖም እነሱ ኦክቶፐስና ስኩዊድ የሚባሉ የባሕር እንስሳት ስለሚበሉ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ጠይቁ።

ከኦሎምፒያ ወደ ዴልፊ በ2004 በተከፈተው የሪዮ ድልድይ ተሻገሩ፤ ክፍያው ከሌሎቹ ኬላዎች በጣም ይወደዳል። በመርከብም መሻገር ይቻላል፣ ርካሽ ነው። ዴልፊን በሳምንቱ መሀል አድርጉት። ቅዳሜና እሑድ የአቴንስ ሰው ለበረዶ ሸርተቴ በዴልፊ አጠገብ ያለውን የአራኾቫን ከተማ ስለሚያጥለቀልቀው መንገዱ ይቆማል፣ የክፍል ዋጋም ይንራል።