ከአኑቢያስ ጋር የተጣበቅኩበት ቅዳሜ

በሩ ሲንኳኳ ቀኝ እጄ ላይ እንጨት ነበር። ይዤው አይደለም። ይዞኝ ነው። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ከእንጨቱ፣ እንጨቱ ከአንድ አኑቢያስ ከሚባል ተክል፣ ሁላችንም በሱፐር ግሉ ዘመድ ሆነናል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሳሎናችን ጥግ ላይ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለን። ጥጉ ጨለማ ነው፤ መስኮት የለውም። መብራቱም ከክዳኑ ጋር የመጣ ደብዛዛ አምፖል ነው። ውስጡ ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ስምንት ትናንሽ አሳዎችና የፕላስቲክ ሣር ነበሩ። አንድ ቀን ልጄ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ "አባዬ፣ ሣሩ የውሸት መሆኑን አሳዎቹ ያውቃሉ?" አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ብል ዋሸሁ። በነጋታው ግን ተክል ልገዛ ሄድኩ።

"መብራትህ ምን ዓይነት ነው?" አለኝ ሻጩ።

"የሚበራ" አልኩት።

ትንሽ አየኝና ሦስት ነገር አወጣልኝ። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ሁለት ክሪፕቶኮራይን። "ለእነዚህ ትንሽ ብርሃን ይበቃቸዋል። አትነካካቸው ብቻ" አለ። እሺ አልኩ። ዓይኔ ግን ከትከሻው ጀርባ ባለች ቀይ ተክል ላይ ቀርቷል። ቀዮቹ አብዛኞቹ ጠንካራ ብርሃን እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ሰማሁት። ገባኝ። ገዛኋት።

እግረ መንገዴን ደግሞ ቅጠሏ ዳርና ዳር ነጭ መስመር ያላት አንዲት ቆንጆ ጨመርኩ። ውሃ ውስጥ ተነክራ ስላየኋት የውሃ ተክል መሰለችኝ። በዚህ ሒሳብ ካልሲም የውሃ እንስሳ ነው። ለካ ድራሲና ናት፤ የአበባ ማሰሮ ውስጥ የምትቀመጥ የቤት ተክል። ሥሯ ውሃ ቢነካው ቅር አይላትም፤ ሙሉ ለሙሉ ስትጠልቅ ግን ቀስ እያለች ትበሰብሳለች። በሰበሰች። ቀይዋም በሦስት ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ትዝታ ሆነች።

ግድ የለም፣ ቀላሎቹ አሉኝ ብዬ ተጽናናሁ። እዚህ ላይ ነው ጉዴ የሚጀምረው።

አኑቢያስን እንደ ጎበዝ ገበሬ ጠጠሩ ውስጥ አንገቱ ድረስ ቀበርኩት። ይህ ተክል ራይዞም የሚባል፣ ጣት የሚያህል፣ አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አለው። ቅጠሉ ከላዩ ይወጣል፣ ሥሩ ከታቹ ይወርዳል። ግንዱ ራሱ ግን ከተቀበረ ይበሰብሳል። እኔ ይሄን የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ መንሳፈፍ ሲጀምሩ "አልተተከለም ማለት ነው" ብዬ ጠጠር ጨመርኩበት። ስሙ የተወሰደው ከጥንት ግብፆች የሙታን አምላክ ከአኑቢስ ነው። በሙታን አምላክ ስም የተጠራ ተክል መቀበር እንደማይወድ ማን ይገምታል?

ክሪፕቶኮራይኖቹ ደግሞ በገቡ በሳምንታቸው ቀለጡ። መቅለጥ ስል መቅለጥ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ረጠበ ወረቀት እጅ ላይ ይቀራል። ይህ ተክል ቦታ ሲቀየርበት ኩርፊያው ከባድ ነው። የውሃው ጠባይ ሲለወጥ ቅጠሉን ሁሉ ይጥልና ከሥሩ እንደገና ያበቅላል። መጠበቅ ብቻ ነው። እኔ ግን ሞቷል ብዬ አንዱን ከነሥሩ ነቅዬ ጣልኩት። ሁለተኛውን ማጣሪያው ጀርባ ስለነበር ረሳሁት። ከወር በኋላ አራት ቅጠል አውጥቶ አገኘሁት። በቤቴ ውስጥ ተርፎ ያደገው ተክል፣ መኖሩን የረሳሁት ብቻ ነው።

የጃቫ ፈርኑን ጉዳይ ባላነሳው ደስ ይለኛል፤ ግን ጀምሬያለሁ። ከቅጠሉ ጀርባ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አየሁ። በሽታ! መቀስ አመጣሁና ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ሁሉ ቆረጥኩ። ፈርን ለካ አበባም ፍሬም ስለሌለው የሚራባው በዚያ ነጠብጣብ ነው። መቀስ ይዤ ማዋለጃ ክፍል ነው የገባሁት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ጥፋቱ የመብራቱ ነው ብዬ በቀን 14 ሰዓት አበራሁ። እነዚህ ተክሎች በጣም ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፤ የተረፋቸውን ብርሃን አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ዝልግልግ ይጠቀምበታል። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ማብራት ይበቃ ነበር። መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ጠጠሩ አረንጓዴ ሆነ። ከተክሎቹ ጋር ሳላያቸው የገቡ ሁለት ቀንድ አውጣዎች ድግስ ያለ መስሏቸው ሠላሳ ሆኑ። ባለቤቴ አንድ ቀን መስታወቱን አይታ፣ "አሳዎቹ አሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። አሉ መሰለኝ፣ አልኳት።

ከዚህ በኋላ ነው አደብ የገዛሁት። ሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ገጠምኩ። ሌላ አኑቢያስ ገዛሁ። በዚህኛው ዙር ጠጠር አልነካም፤ እንጨት ላይ አጣብቀዋለሁ አልኩ። በክር ማሰር ይቻላል፤ ሥሩ በጊዜ ብዛት እንጨቱን ራሱ ይይዘዋል። ክር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሱፐር ግሉም ይሆናል፤ ከደረቀ በኋላ አሳዎቹን አይጎዳም። ወፈር ያለው፣ እንደ ጄል የሚወጣው ዓይነት ይመረጣል። ቤት የነበረው እንደ ውሃ የሚፈሰው ነው። ያው ነው አልኩ።

ያው አይደለም።

ይህ ሙጫ የሚደርቀው በእርጥበት ነው። አኑቢያሱን ገና ከውሃ ማውጣቴ ነበር። ሥሩ እርጥብ፣ እንጨቱ እርጥብ፣ ጣቶቼም እርጥብ። ቱቦውን ጫን ሳደርገው ግማሹ ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ሳልጨርስ ተጋባን።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። በግራ እጄ ከፈትኩ። አማቴ ናቸው።

ሰላም ሊሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ አኑቢያስ ዘረጋሁ።

"ውይ፣ ምን ደከመህ ልጄ! አበባ!" አሉና ፊታቸው በርቶ እንጨቱን ያዙት። ሊቀበሉኝ ሳብ አደረጉት። አብሬ ሄድኩ። እንደገና ሳቡ፤ አንድ እርምጃ ጨመርኩ። "ካልሰጠኸኝ ለምን ትዘረጋለህ?" አሉ ቅር ብሏቸው።

"እማማ፣ እባክዎ አይጎትቱ፣ ተጣብቄ ነው!"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው ልጃቸውን በስሟ ተጣሩ። ድምፃቸው ውስጥ "እኔ ያኔውኑ ነግሬሽ ነበር" የሚል ነገር ነበረበት።

ባለቤቴ መጣች። አየች። አልሳቀችም፤ ይሄ ነው የባሰው። "የጥፍር ቀለም የማስለቅቅበት አሴቶን ያስለቅቀዋል። ጥፍሬን ቀብቼ ልጨርስ" ብላ ተመለሰች። በእርግጥ አሴቶን ሙጫውን ያላላል፣ ግን ተክሉንም ይጎዳል፣ አኳሪየም ውስጥ እንዲገባም አይፈለግም። ስለዚህ በለብታ ውሃና በሳሙና ጣቶቼን ብቻ መዘፍዘፍ ነበረብኝ። አንድ እጄ ሳህን ውስጥ፣ እንጨቱ ከሳህኑ ውጪ፣ እኔ ወለሉ ላይ። ይህ ሁኔታ 40 ደቂቃ ቆየ።

አማቴ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ጎንበስ ብለው ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያረሰርሳሉ። እኔን አይደለም። ተክሉን። "እንዳይጠወልግ" ይላሉ። አኑቢያስ በተፈጥሮው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ወንዞች ዳር፣ ብዙ ጊዜ ቅጠሉን ከውሃ በላይ አድርጎ የሚኖር ስለሆነ ለ40 ደቂቃ ምንም እንደማይሆን ልነግራቸው አሰብኩ። ልጄ በዚህ መሀል መጥታ፣ "አባዬ፣ አንተም የውሸት ነህ?" አለችኝና ተውኩት።

በመጨረሻ ተላቀቅን። የአውራ ጣቴ ቆዳ ትንሽ እንጨቱ ላይ ቀርቷል። ስልኬ በጣት አሻራ ስለሚከፈት ለአራት ቀን ያህል ማን እንደሆንኩ አላወቀም ነበር።

እንጨቱ አሁን አኳሪየሙ ውስጥ ነው። ራይዞሙ ውሃው ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል፤ አልነካካውም። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ለአኑቢያስ ይሄ ሩጫ ነው። ቴትራዎቹም ሥሩ ጥላ ውስጥ ያድራሉ።

አማቴ በየሳምንቱ ይደውላሉ። "ተክሉ እንዴት ሰነበተ?" ይላሉ መጀመሪያ። ከዚያ አሳዎቹን። ከዚያ ቀንድ አውጣዎቹን። ስለ ጣቴ እስካሁን አልጠየቁም።