ላስረጅ ብዬ ያሳረርኩት ጠረጴዛ

ሱሉልታ ላለው ቤታችን ዝቅ ያለ የቡና ጠረጴዛ ፈልጌ ነበር። ጠርዙ ያለቀ፣ ጭስ የጠገበ የአያቶች ሳጥን ዓይነት መልክ ያለው። የእውነተኛው አሮጌ ዕቃ ዋጋ አይቀመስም። እና አዲስ አሠርቼ ራሴ ላስረጀው አልኩ።

አብዛኛው ሥራ ቀላል ነው። ጠርዙን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማዶልዶም፣ ያውም እጅና እግር የሚነካውን ቦታ ብቻ፤ ዙሪያውን እኩል ካሻችሁት የፋብሪካ ዕቃ ይመስላል። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መፈግፈግ። በሰንሰለት ደብድቡት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ የማን አያት ናት ጠረጴዛ በሰንሰለት የገረፈችው? የቁልፍ ዘለላ ጣል ጣል ማድረግ ይበቃል።

ጉዱ ቀለሙ ላይ ነው። አቼቶ ውስጥ የተዘፈዘፈ ብረት እንጨት ውስጥ ካለው ታኒን (ሻይ ሲወፍር አፍ የሚያኮማትረው ነገር) ጋር ሲገናኝ እንጨቱን ያጠቁረዋል። መጀመሪያ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ዘፈዘፍኩ። አራት ቀን ጠበቅኩ፣ ምንም። ለካ የማይዝግ ብረት ነው! በተራ ምስማር ቀየርኩትና ክዳኑን ግጥም አደረግኩት። ብረቱ ሲሟሟ ጋዝ እንደሚያወጣ ማን ነግሮኝ፤ ሌሊት ክዳኑ ተፈናጥሮ ቤቱን ሁሉ አስደነገጠ። ክዳኑን ላላ አድርጉት።

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። አናጢው ላዩን ከፈረንጅ ጥድ፣ እግሩን ከባህር ዛፍ ሠርቶት ነበር። «እንዲበረታልህ ነው ወንድሜ» አለኝ፣ እኔም አመስግኜ ወሰድኩ። ቀለሙን የሞከርኩት ደግሞ የጥድ ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። ጥድ ታኒኑ ትንሽ ስለሆነ አስቀድሜ ወፍራም ሻይ ቀባሁት፤ ሲደርቅ አቼቶውን ደረብኩበት፣ ደስ የሚል ግራጫማ ቡኒ ወጣ። በቃ አወቅኩ ብዬ ጠረጴዛውን በሙሉ፣ እግሩንም ጭምር፣ ሻይና አቼቶ አጠጣሁት። ቀለሙ ቶሎ አይታይም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ እንደ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልኩ ሦስት ጊዜ ቀባሁት።

ጠዋት ስነሳ ላዩ ግራጫ፣ እግሩ ከሰል። ጥቁር ካልሲ ያደረገ ጠረጴዛ! ባህር ዛፍ የራሱ ታኒን ሞልቶታል፣ እኔ ሻይ ጨመርኩለት። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያሞቅ የኖረ ዛፍ እኔን አቃጠለኝ። ጎረቤታችን እማማ በአጥር አሻግረው አይተው «ውይ ልጄን፣ እሳት ነክቶት ነው?» አሉኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ስፍቅ ዋልኩ። ደግነቱ ቀለሙ ጠልቆ አይገባም። ብርጭቆ ወረቀት ያልደረሰበትን ስርጓዳ በግማሽ ሎሚ አሸሁት፣ ትንሽ ፈካ አለ። መጋጠሚያው ላይ ግን አናጢው ያልጠረገው ኮላ ቀለም አልቀበል ብሎ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል፤ እሱን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከመቀባታችሁ በፊት ኮላውን ፍቃችሁ አንሱ። የምትሞክሩትም ጠረጴዛው ውስጥ በገባው እንጨት ሁሉ ላይ ይሁን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀቡና እስከ ነገ ተዉት።

ለማጠናቀቂያ አናጢው የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ካልቀባህ አለኝ። አልሰማሁትም፣ ሰም በጨርቅ ወለወልኩት። አንዱ እግር እስካሁን አልነጣም። እሱን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ።