የማላውቀው ሰው መኪና ውስጥ ገብቼ ቀበቶ ያሰርኩ ለት

ኧረ ይሄን ሳልነግራችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ትናንት ከስራ ልወጣ ስል ወንድሜ "በር ላይ ነኝ ነይ" ብሎ ቴክስት አደረገልኝ፣ እኔም ስልኬ ላይ እንዳፈጠጥኩ ወጣሁ፣ ነጭ መኪና ቆማለች፣ ሰተት ብዬ ገባሁ፣ በሩን ድርግም፣ ቀበቶዬን ቀጭ። ቀና እንኳን አላልኩም። ከዛ አለቃዬን ማማት ጀመርኩ፣ አንድ ሪፖርት ሦስቴ እንዳሰራኝ፣ ሦስተኛው ላይ "የመጀመሪያው ይሻል ነበር" እንዳለኝ፣ ምናምን። ከኋላ አንዱ ክላክሱን ያስጮኸዋል። "ይሄ ደሞ ምን ሆኖ ነው፣ ባለጌ!" አልኩ። ወንድሜ ዝም። እሱ ዝም የሚል ፍጡር አይደለም፣ ግን ያ ራሱ አላነቃኝም፣ እንደውም ዛሬ ገና አዳመጠኝ ብዬ ደስ ብሎኛል።

"አትነዳም እንዴ?" ብዬ ጉልበቱን መታ ሳደርገው እጄ የነካው ሱፍ ሱሪ ነው። ወንድሜ ከጂንስ ሌላ ሱሪ የለውም። ቀስ ብዬ ከሱሪው ወደ ላይ ሄድኩ፣ ክራቫት፣ ሽበት ያለበት ጺም፣ መነፅር። አንድ ትልቅ ሰውዬ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዩኛል።

"የኔ ልጅ" አሉኝ በቀስታ፣ "ጥፋቱስ የአለቃሽ ነው። ግን እኔ ባለቤቴን ነው የምጠብቀው።"

አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የአልሞንድ ፍሬ የምታክል ነገር አለች፣ አደጋ የመሰላትን ነገር ስታይ የሚያስበው ክፍል ነገሩን አጣርቶ ሳይጨርስ ልብሽን ታስደልቃለች፣ ለሩጫ ታዘጋጅሻለች። የኔዋ "ውጪ!" አለችኝ፣ ተስፈንጥሬ ልወጣ ስል ቀበቶው ጎትቶ መለሰኝ። ቀበቶ እንዳሰርኩ ማንም አልነገራትማ! ሁለተኛው ሙከራ ላይ ተሳክቶልኝ ስወጣ ባለቤታቸው በሩ ጋ ቆመዋል። ምን ብል ጥሩ ነው፣ "እኔ አላውቃቸውም!" ባሰ።

ማታ ከእፍረት ብዛት ቁጭ ብዬ ሳነብ አደርኩ። ለካ አይናችን ካሜራ አይደለም፣ አንጎል ትንሽ መረጃ ይቀበልና የቀረውን ከለመደው ነገር እየገመተ ይሞላዋል። የአይን ነርቭ ከአይናችን የሚወጣባት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሴል ስለሌለ እዛች ጋ እውር ነን፣ ግን ጥቁር ነጥብ አይታየንም፣ አንጎል ከዙሪያው እያየ ይለጥፋታል። እኔም ነጭ መኪና፣ የስራ በር፣ የተለመደው ሰዓት ሲገጣጠሙ የኔው ጎበዝ አንጎል ወንድሜን ለጥፎልኝ አረፈ። በዛ ላይ በየቀኑ የምናደርገውን ነገር ባዛል ጋንግሊያ የሚባሉት ክፍሎች ይረከቡትና ከግንባራችን ኋላ ያለው አሳቢው ክፍል ለሌላ ስራ ነፃ ይሆናል። የኔው ነፃ ሆኖ አለቃዬን ያማ ነበር።

ትንሽ ያፅናናኝ በፈረንጆቹ 1998 አሜሪካ ውስጥ ሳይመንስና ሌቪን የሚባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ነው። አንድ ሰው መንገደኛ አስቁሞ አቅጣጫ ይጠይቃል፣ በመሃል በር የተሸከሙ ሰዎች ሁለቱን ሰንጥቀው ያልፋሉ፣ በሩ ሲከልላቸው ጠያቂው በሌላ ሰው ይቀየራል። ከ15 መንገደኞች 8ቱ ሰውዬው መቀየሩን ሳያውቁ አቅጣጫ ማሳየታቸውን ቀጠሉ! ግን እውነቱን ለመናገር እነሱ ያወሩ የነበረው ከማያውቁት ሰው ጋር ነው፣ እኔ ወንድሜን ከህፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ደሞ በር ተሸክሞ ያለፈብኝ ሰው የለም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 ፐርሰንት ገደማ ሆኖ ከምንጠቀመው ኃይል 20 ፐርሰንት አካባቢውን ይበላል አሉ። ይሄን ሁሉ ቀለብ እየበላ ጂንስና ሱፍ መለየት ያቅተው?

ክላክሱን ያስጮህ የነበረው ወንድሜ ነበር። ከኋላ ሆኖ ሁሉንም አይቷል፣ "እጅሽን እያወናጨፍሽ ስታወሪ ዘመድ ያገኘሽ መስሎኝ" አለኝ፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ። ባለጌ ማለቴን አልነገርኩትም።

ዛሬ ከስራ ስወጣ ታርጋውን አነበብኩ፣ ጎንበስ ብዬ በመስኮት ፊቱን አየሁ፣ ሱሪውንም አየሁ፣ እጀታውን ስይዝ በሩን ከውስጥ ቆልፎ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገና "መታወቂያ" አለኝ።