«አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም»

በጃፓን ኪሶ ሸለቆ ውስጥ ከማጎሜ ተነሥቶ ጹማጎ የሚደርሰው የእግር መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥንት ኤዶን፣ ማለትም የዛሬዋን ቶኪዮ፣ ከኪዮቶ ጋር በተራራ በኩል ያገናኝ የነበረው፣ 69 የማረፊያ ከተሞች የነበሩት የናካሴንዶ ጎዳና ቁራሽ ነው። ማጎሜ እ.ኤ.አ. በ1895 እና በ1915 በእሳት ስለተጎዳች፣ አሮጌ ቤት ለማየት የጓጓ ሰው አቀበቱን ወጥቶ ወደ ጹማጎ መሻገር ግድ ይለዋል።

800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የተራራው መተላለፊያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ጫካ ውስጥ ይገባል። በየርቀቱ ድብ እንዲርቅ መንገደኛው የሚደውለው ደወል ተሰቅሏል። ገመዱን ይዤ ስደውል ድምፁ በዛፎቹ መካከል ረጅም ጊዜ ቆየ። ሾጉን የሚባሉ የጦር ገዢዎች ጃፓንን ከኤዶ ሆነው ባስተዳደሩበት በኤዶ ዘመን እዚህ አገር ሂኖኪን ጨምሮ አምስት የዛፍ ዓይነቶችን መቁረጥ ክልክል ነበር፤ ቅጣቱም «ለአንድ ዛፍ አንድ ራስ» እስከ መባል የደረሰ ነበር።

ጹማጎን ለጉዳት የዳረጋት ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተጠናቀቀው የባቡር መስመር ከተማዋን ወደ ጎን ትቶ ስላለፈ፣ መንገደኛ ቀረ፣ ወጣቱም ተሰደደ፤ ቤቶቹን የሚያድስ ገንዘብ ግን ባለመኖሩ እንደ ነበሩ ቆዩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ነዋሪዎቹ እድሳቱን ጀመሩ፤ በ1971ም «አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም» ብለው ቃል ተጋቡ። መንግሥት ከተማዋን በጥብቅ ቅርስነት የመዘገባት ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1976 ነው። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ሁለተኛው ቃል ነው፤ ቅርስ ወዳድ ሁሉ «አናፈርስም» ሊል ይችላል፣ ጎብኚ መጉረፍ በጀመረበት ሰዓት ግን ድሀ ከተማ «አናከራይም» ማለቷ ታላቅ ቁርጠኝነት ይጠይቃል።

በዋናው ጎዳና ቀን ቀን መኪና አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም ለዓይን አይታይም። ባለ ሥልጣናት ያርፉበት ከነበሩት ቤቶች አንዱ ዛፍ የመቁረጥ እገዳው ከተነሣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1877፣ በሂኖኪ እንጨት እንደ አዲስ የተሠራ ነው። ወለሉ መካከል እሳት ይነድዳል፤ ጭሱ በእንጨት ርብራብ በኩል ከሚገባው ብርሃን ጋር ሲገናኝ ጨረሩ ተለይቶ ይታያል። በዘመናት ጭስ የጠቆረውን ምሰሶ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ እንደ ተወለወለ ድንጋይ ልስልስ ነበር።