የ1976 ክረምት በጥድ ግንድ ላይ

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ዝናብ በመለኪያ መመዝገብ ከጀመረ መቶ ዓመት አልሞላም። ከዚያ በፊት ጣና ዙሪያ ክረምቱ እንዴት እንደነበር ማን ይነግረናል? ክፉውን ዘመን ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። ደህና ሆኖ ያለፈን ዓመት ግን ማንም አያስታውሰውም። ዛፍ ግን ክፉውንም ደጉንም እኩል ይይዛል። ሰሞኑን ከዚህ ሐሳብ መላቀቅ አልቻልኩም።

ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ያለች የገጠር ደብር ውስጥ አንድ ትልቅ ጥድ ባለፈው ክረምት ንፋስ ጣለው። ግንዱ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥገና ሲሰነጠቅ፣ አንድ ክብ ቁራጭ እንዲተውልኝ የደብሩን አለቃ ለመንኳቸው።

"ውሰጅ ልጄ። ግን ምን ያደርግልሻል?"

"የድሮውን ክረምት ላይበት ነው፣ አባ።"

ዝም ብለው አዩኝና ቁራጩን ራሳቸው አንስተው ሰጡኝ።

በመጋዝ የተቆረጠ ፊት ሻካራ ስለሆነ ምንም አይታይበትም። ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ እስከ ልስልሱ ድረስ ፈተግኩት። ቤቱን የጥድ ሽታ ሞላው። ዳሩ ነጣ ያለ፣ መሃሉ ቀይ ሆኖ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው። ከዚያ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ክረምት ሲገባ ጥዱ ሰፋፊ ሴሎችን ስለሚሠራ ያ ክፍል ነጣ ይላል። ዝናቡ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ሴሎቹ ይጠባሉ፣ ግድግዳቸውም ይወፍራል። ጠቆር ያለች ቀጭን መስመር ትቀራለች። ነጣ ያለውና ጠቆር ያለው አንድ ላይ የአንድ ዓመት ዕድገት ነው። ዝናቡ ጥሩ ከሆነ ቀለበቱ ሰፊ ነው፣ ከጎደለ ይቀጥናል።

እኛ ጋ ይህ የሚሆነው ክረምታችን አንድ ስለሆነ ነው። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ዛፉ በዓመት ሁለቴ ሊያድግ ይችላል፤ ሐሰተኛ ቀለበት የሚሉት ያኔ ይመጣል። በጣም በደረቀ ዓመት ደግሞ ጥዱ በአንድ ጎኑ ብቻ አድጎ በሌላው ጭራሽ ሳያድግ ይቀራል። እኔም አንዱን ቀለበት በመርፌ ጫፍ ተከትዬ ስዞር፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጎረቤቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ቆጠራ ብቻ መማል አይቻልም። የብዙ ዛፎችን ስፋትና ጥበት ጎን ለጎን ማመሳከር ያስፈልጋል።

ያም ሆኖ ከቅርፊቱ ወደ ውስጥ ስቆጥር፣ 1976 አካባቢ ቀጫጭን ቀለበቶች ተጠጋግተው አገኘሁ። በማጉያ መነጽር ካልሆነ አይለዩም። ሰው የሚያስታውሰው "ሰባ ሰባትን" ነው፤ ረሃቡ የጸናው ያኔ ነዋ። የዚህ አካባቢ ዝናብ የጎደለው ግን ከሰኔ 1976 ጀምሮ ባለው ክረምት ነው። የዓባይ ውኃም በዚያ ክረምት ክፉኛ ቀንሶ ነበር። ለዛፉ ዓመቱ በመስከረም አይጠባም። ዕድገቱ ሰኔ ላይ ተነስቶ መስከረምን ያልፋል፣ አንድ ቀለበትም ሁለት ዓመት ይነካል። አለቃን ስጠይቃቸው፣ "የእኛስ ይሻል ነበር። ከወሎ የመጣውን ሰው ግን አይተናል" ብለው ዝም አሉ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኳቸውም።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ዛፍ የሚያምረው አይደለም። ሐይቁ ዳር የቆመ ወፍራም ዋንዛ ሥሩ ውኃ ላይ ነው፤ ድርቅ መጣ አልመጣ ደንታው አይደለም። ዝናብን የሚናገረው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የተቸገረው ጥድ ነው። ደግሞም ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ውስጡ ክፍት በሆነ የእጅ መሰርሰሪያ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላት ቀጭን ዘንግ ከግንዱ ይወጣል፣ ዛፉም በሕይወት ይኖራል። ናይሮቢ በሚገኘው የዓለም የጥምር ደን ግብርና ማዕከል ይህን የሚሠራ ላቦራቶሪ አለ፤ ኢትዮጵያዊቷ ዶክተር አስቴር ገብረኪርስቶስ በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 እሳቸው የተሳተፉበት ጥናት በላይኛው የዓባይ ተፋሰስ እጅግ ደረቅ ዓመታት እየተደጋገሙ መምጣታቸውን ከዛፍ ቀለበት አሳይቷል።

ከድርቁ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን የመተማው ነገር ነው። እዚያ የዕጣን ዛፎችን ቀለበት የቆጠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳወጡት፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ትልልቆቹን የሚተካ አዲስ ዛፍ አላደገም። ችግኙ ይበቅላል። ግን ከብት ይበላዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል። ጫካው ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ያሉት ግን ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። እሑድ ጠዋት ጽናው ሲወዛወዝ ያንን ጭስ እያየሁ የማስበው ይህን ሆኗል። ቀለበት ባይቆጠር ኖሮ የዛፎቹን ዕድሜ በምን እናውቅ ነበር?

ከወደቀ ዛፍም፣ ከቆመ ዛፍም አልፎ ሌላ መዝገብ አለን፤ አሮጌ እንጨት። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ የዛፍ ቀለበት ጥናትን የጀመረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዳግላስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ባልደረቦቹ አንድ የከሰለ ወራጅ እንጨት አገኙ፤ የሕያዋኑን ዛፎች ቆጠራ ከጥንታዊ መንደሮች እንጨት ጋር ያገናኘው ያ ወራጅ ነው። የእኛ አብያተ ክርስቲያናትስ? ጥድ ምስጥ አይደፍረውም፣ ስንት ዘመን የቆየ ወጋግራና ማገር አለን። ጥገና በመጣ ቁጥር ግን አሮጌው ለማገዶ ይሄዳል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

አለቃ የድሮው ሕንጻ ወጋግራዎች ዕቃ ቤት ውስጥ እንዳሉ ነግረውኛል። ዳራቸው እንዳይጠረብ ለመንኳቸው፤ የመጨረሻው ቀለበት ከተላገ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ይጠፋል። ለአናጢው ነግረውልኛል። ቅዳሜ ሄጄ የትኞቹ ላይ አሁንም ቅርፊት እንዳለ እለያለሁ።