የማይቆመው የአባባ አንቲባዮቲክ

ሐኪሟ ሪፋክሲሚን የተባለ አንቲባዮቲክ ስታዝላቸው አባባ መጀመሪያ የጠየቁት «ስንት ቀን ነው የሚዋጠው?» ብለው ነው። የሚቆም እንዳልሆነ ስነግራቸው ወደ እኔ ዞር አሉና «አንቲባዮቲክ ዕድሜ ልክ? ልጅቷ ግን ተምራለች?» አሉኝ። ይህችን አልተረጎምኩም።

አልፈርድባቸውም። እኛ የምናውቀው አንቲባዮቲክ በሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ነው። ያውም ትንሽ ሲሻለን ካላቋረጥነው።

የአባባ ጉበት በሄፓታይተስ ቢ ተጎድቶ ሲሮሲስ ሆኗል፤ ማለትም ጠባሳ ሞልቶት ደክሟል። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያ ያመነጫሉ። ጤነኛ ጉበት ወደ ዩሪያ ይቀይረውና በሽንት ይወጣል። የደከመ ጉበት ሲያመልጠው አእምሮ ድረስ ይዘልቃል። ሐኪሞቹ ሄፓቲክ ኤንሴፋሎፓቲ ይሉታል፤ እኛ ቤት «ተደበላለቀባቸው» ነው የምንለው። ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት ይነቃሉ። መኪና እንደሚያስቆም ሰው እጃቸውን ዘርግተው እንዲያቆዩ ሲባሉ መዳፋቸው ይርገበገባል። ፊርማቸው እንኳ መስመር ይስታል። ዘመድ አዝማድ «እርጅና ነው» ሲል ከርሟል፣ ሥጋ ይከልከሉ ያለም አለ። ሐኪሟ ግን ፕሮቲን እንዳይቀንሱ፣ ከመኝታ በፊትም ትንሽ ነገር እንዲቀምሱ ነው የነገረችን።

ሪፋክሲሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ በታች ነው። እዚያው አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎቹን አደብ ያስይዛል። ጠዋት 550 ሚሊግራም፣ ማታም እንደዚያው። በ2010 የወጣ ጥናት 299 ሕሙማንን ለ6 ወር ተከታትሎ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 22 በመቶ ያህሉ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 46 በመቶ ያህሉ ዳግም እንደተደበላለቀባቸው አሳይቷል። ለእኔ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በስልክ «የሪፋምፒሲን፣ የሳንባ ነቀርሳው መድኃኒት ዘመድ ነው» ብሏቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣብኝ። «የሳንባ ነቀርሳ አለብኝና ደብቃችሁኛል!» ዝምድናው እውነት ነው፣ ነቀርሳው ግን የለም። ይህን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ቡና ፈጀብን።

ከሁሉ ያናደዳቸው ግን ክኒኑ ከላክቱሎስ አለመገላገሉ ነው። በጣም የሚጣፍጥ ሽሮፕ ነው፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ለስላሳ ሰገራ እስኪያስወጣ ይጠጣል። በጥናቱ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹም ሁለቱን አብረው ነበር የሚወስዱት። አባባ «ሽንት ቤት አስቀመጣችሁኝ» ይላሉ። ብቻ ይጠጣሉ።

እኔን ያቃጠለኝ ዋጋው ነው። እዚህ አሜሪካ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በወር ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቃል። የእኛ ኢንሹራንስም መጀመሪያ አልሸፍንም ብሎ፣ ሐኪሟ ደብዳቤ ጽፋ ነው የፈቀደው። አባባ አሁን ለጥምቀት አገር ቤት ልሂድ እያሉ ነው። ፋርማሲው የሚሰጠው የአንድ ወር ብቻ ስለሆነ፣ ለጉዞው ትርፍ እንዲያስቀድሙልኝ ስልክ ላይ ተጥጃለሁ።